የደግሰው ልጅ አልረጋጋም አለች

የትናየት ደግሰው አብዳ ከዩኒቨርሲቲ ተመለሰች እያለ በብልባላ ገበያ ያወራ ሁሉ ምላሱን ይሰብስብ። አላበደችም። ዓይን አልበላትም፣ መተት አልነካትም፣ በእንግሊዝኛ ብዛትም ጭንቅላቷ አልዞረም። ይህን የምለው አዝኜላት አይደለም። እሷ እንደሆነች የሚያዝንላት ሰው ስታይ ነው ደሟ የሚፈላው።

ከትንሽነቷ ጀምሮ ጭምት ናት። በላስታ ደግሞ ሴት ልጅን ጭምት ማለት መመረቅ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን መሬት ላይ ትሰብራለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ "እሺ" ስትል ለራሷም አይሰማትም። እናቷ ስሜነሽ በዚህ የምትኮራው ኩራት ልክ የለውም። "የኔ ልጅ እኮ አፍ የላትም!" ትላለች ለጎረቤት ደረቷን ነፍታ፣ አፍ ማጣት ሽልማት ያሰጥ ይመስል። አባቷ ደግሰውማ ከልጁም ይብሳል። ቀኑን ሙሉ አብሮት ሲያጭድ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ "ደግሰው ምን አለ?" ቢባል የሚያወራው ያጣል።

ጦርነቱ ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ሌላው ልጅ ደብተሩን ረስቶ ከረመ። የትናየት ግን በእጇ የቀሩትን መጻሕፍት ዳር እስከ ዳር ስትደጋግም፣ ገጻቸው እስኪበጣጠስ ስታነብ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከትምህርት ቤቷ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ አንዷም የደግሰው ልጅ ሆነች። አገሩ ጉድ አለ። ያቺ ድምጿ የማይሰማው? አዎ፣ ያቺው! በግ ታረደ፣ ሽማግሌው መረቀ፣ ስሜነሽ አለቀሰች፣ ምደባዋም ወደ ደቡብ ወጣ። አውቶቡስ እየቀያየረች፣ አገር እያቆራረጠች ሄደች።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መኝታ ክፍሏን የተጋራቻት ሐምዲያ የምትባል የሐራ ከተማ ልጅ ናት። የቆላ ነጋዴ ልጅ፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ። በገቡ ማግስት የሕንጻውን ሰው ሁሉ በስሙ ትጠራ ጀመር። የትናየት ዝም ስትል እሷ ለሁለት ታወራለች፣ የትናየት ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሰው ሲገፋት እሷ ትጣላላታለች። "ወላሂ አንቺ ልጅ፣" ትላታለች፣ "አላህ አፍ የሰጠሽ እንጀራ እንድትጎርሽበት ብቻ ነው እንዴ?"

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ነገሩ የመጣው በሳይኮሎጂ ክፍል ነው።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀልድ የሚወድ፣ ተማሪ ሲስቅለት ደስ የሚለው ወጣት ነው። አንድ ቀን ስለ ሰው ባሕርይ ማስተማር ጀመረ። አንዱ ተግባቢ ነው፣ አንዱ ዝምተኛ፤ አንዱ በትንሹ ይጨነቃል፣ አንዱ ዓለም ብትገለበጥ ግድ የለውም። ይህን ካለ በኋላ "ተራ በተራ ወደፊት እየወጣችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ በሉ" አለ። እስቲ አሁን ይህ የላስታ ልጅ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው? እኛ አገር ሰው ስለ ራሱ አያወራም። ጎበዝ ነህ፣ ደግ ነህ ብሎ የሚያመሰግንህ ሌላው ነው፤ ያንተ ድርሻ "ኧረ እንዲያው ነው" ብሎ መሽኮርመም ነው። ገበያ መሀል ቆሞ እኔ እንዲህ ነኝ፣ እኔ እንዲያ ነኝ የሚል ሰው ቢገኝ ጠጥቷል ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የትናየት ተራዋ ደረሰና ወጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የነጠላዋን ጫፍ ብትፈልግ ነጠላ የለም፤ በእጇ አፏን ከለል አደረገች። ከዚያ እንደ ማንኛውም በወጉ ያደገ ልጅ፣ ከሥሩ ጀመረች። የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሯ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ደብር ክርስትና እንደተነሳች፣ አባቷ ምን ምን እንደሚያርስ። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ ላብ በላብ ሆነች።

"ስለ አባትሽ አይደለም የጠየቅኩሽ" አላት መምህሩ። "ስለ አንቺ ነው። አንቺ ማነሽ? ደግሞ እጅሽን ከአፍሽ አንሺ እንጂ፣ ጥርስሽን አንነቅልሽም!"

ክፍሉ በሳቅ አወካ። አንቺ ማነሽ ይላታል እንዴ! እስካሁን ምን ስትናገር ነበር? በእሷ ቤት እኮ መልሳ ጨርሳለች። ያን ጊዜ ልቧ ይደልቅ ጀመር። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ጆሮዋ ጭው አለ። አሁን ሞቼ ልወድቅ ነው አለች በልቧ። እግሬ አውጪኝ ብላ በሩን በርግዳ ወጣች። የክፍሉ ሳቅ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተከተላት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለመደባት። ስሟ ሲጠራ ይመጣል፤ ኋላ ኋላማ ስሟ ይጠራ ይሆን ብላ ስታስብም ይመጣ ጀመር። ምግብ አልወርድ አላት። ሐምዲያ እጇን ይዛ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደቻት። ነርሷ ደም ግፊቷን ለካች፣ ልቧን አዳመጠች፣ ረጋ ብላም አስረዳቻት። "ይሄ ጭንቀት ነው። በሽታ ይዞሽ ልትሞቺ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብዙው ከቤቱ ሲርቅ፣ አዲስ ሰው መሀል ሲገባ እንዲህ ይሆናል። ዝምተኛ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይጠነክራል። አትሽሺው፤ በሸሸሽው ቁጥር ይከተልሻል።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ሰምተሻል አይደል?" አለች ሐምዲያ ሲመለሱ። "አትሞቺም። እንግዲህ ብዪ።"

ነርሷ ያለችውን ግን ብልባላ ማን ሰማ? እዚያው የሚማር አንድ የአገር ልጅ ነገሩን በወሬ ሰምቶ ኖሮ ለቤተሰቡ ስልክ ደወለ። ሮጣ ከክፍል ወጣች የሚለው ወሬ ላሊበላ ሲደርስ ጮኸች ሆነ፤ ብልባላ ሲደርስ ደግሞ ልብሷን ቀደደች ተባለ። ስሜነሽ ደረቷን መታች። ደግሰው ጋቢውን ደረበ፣ ዱላውን አነሳ፣ ተነስቶ ሄደ።

የሴሚስተሩ ፈተና ባለቀ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው በር ደረሰ። ጥበቃው ጋ ቀርቦ የልጁን ስም መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን ማዶ ከዛፍ ሥር ቆሞ የሚወጣውን የሚገባውን ያያል። ሐምዲያ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ አየችው፣ ተመልሳም "የትናዬ፣ ነይ እስቲ፣ ውጭ አንድ ሰውዬ ቆሟል፣ አፍንጫው ቁርጥ ያንቺ ነው" አለቻት።

"አባየ!" አለች የትናየት ጉልበቱን ልትስም እየሮጠች። "ምነው ጥበቃውን ሳይጠይቁ?"

"ሰው ይበዛል" አለ ደግሰው። ቀጠለና "እንሂድ" አላት።

ደክሟት ስለነበር ሄደች። ሐምዲያ ግን ሻንጣዋን እየሸከፈችላት ጮኸችባት። "የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ካመለጠሽ ቦታሽን ታጪያለሽ፣ አውቀሽዋል? ወላሂ ቀርተሽ እንደሆነ ብልባላ ድረስ መጥቼ በጆሮሽ ነው የምጎትትሽ!"

አገር ቤት የጠበቃት ነገር ከመምህሩ ቀልድ የባሰ ነው። ጎረቤቱ እንደ ታማሚ ሊጠይቃት ይጎርፍ ጀመር። "እግዜር ይማርሽ" ይሏታል፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ያስተውሏታል። እጅ ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያ ስታነሳ የሁሉም ዓይን እጇ ላይ ይተከላል፤ ይንቀጠቀጥ ይሆን? እንዴት አይንቀጠቀጥ! እንዲህ ተፈጥጦበት የማን እጅ ይረጋል? እሷ ውሃውን ጠብ ባደረገች ቁጥር አንዱ ሌላውን ይጎሽማል።

"እማ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም" አለቻት እናቷን።

"እንዴታ! ዓይን የበላው ሰው ዓይን በላኝ ይላል እንዴ?" አለች ስሜነሽ። "ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ ድግስ መደገሴ! እኔ ነኝ ያስበላሁሽ፣ እኔን ያስበላኝ!"

እናቲቱ ማልዳ እየቀሰቀሰች ጠበል ወሰደቻት። የትናየት ጠበሉን በእምነት ጠጣች፣ በእምነት ተጠመቀች፣ አንዲት የቅሬታ ቃል አልተነፈሰችም። አንጀቷን ያሳረራት ጠበሉ አይደለም፤ ከጠበሉ ስትወጣ ከበው "ጮኸ? ለቀቀሽ?" የሚሏት ናቸው። ምኑ ነው የሚለቃት? ምኑ ነው የሚጮኸው? ሲያባብሏት ያዝን የነበረው ልቧ እየተናደደ መጣ። ንዴቱም ደስ አላት። ንዴት ሲይዛት እጇ እንደሚንቀጠቀጥ አስተዋለች፣ ግን አላስፈራትም።

በዚያ ሰሞን ሐምዲያ ደወለች። ምዝገባው በሚመጣው ሳምንት ይዘጋል። የትናየት ስልኩን ዘግታ በቀጥታ አባቷ ዘንድ ሄደች። ደግሰው በረቱ አጠገብ ሞፈር ያበጃል።

"አባየ፣ ልመለስ ነው። መሳፈሪያ ቀኔን ይንገሩኝ።"

ደግሰው ሞፈሩን አገላብጦ አየው። "እንጃ" አለ። ቆይቶ ደግሞ "እሁድ ተራው የኛ ነው፤ ሰንበቴው ይምከርበት" አለ።

ሰንበቴ ማለት፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ቤት ተሰብስቦ ተረኛው ያመጣውን ዳቦና ጠላ የሚቀምስበት ነው። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ የሰው ነገር ይነሳል፣ ይመከራል፣ የተጣላ ይታረቃል። እዚያ የሚናገሩት ትልልቆቹ ናቸው። ሴቶቹ ከበሩ ወዲህ ይቀመጣሉ፣ ልጃገረድ እንደሆነች ዳቦ ታዞራለች፣ "ጨምሩ እንጂ" ትላለች፣ በቃ። ከዚያ ያለፈ ድምፅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

እሁድ ደረሰ። የትናየት ሰፌዱን ይዛ ዳቦውን ስታዞር ድንበርተኛቸው ደባሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ደባሱ አፈ ጮሌ ነው፤ ጉዳይ ያለው ሁሉ ተናገርልኝ ብሎ እሱ ዘንድ ይሄዳል። ደግሰውም ሄዶ ኖሯል።

"እንግዲህ ወንድሜ ደግሰው ቃሉን ለእኔ ሰጥቶኛል" አለ ደባሱ። "ይቺ ልጅ የሁላችንም ልጅ ናት። የደረሰባትን አይታችኋል። የሰው ዓይን ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? አሁን መልሰን ብንሰዳት፣ በዚያ በሰው አገር ብትወድቅ ማን ያነሳታል? መንገዱም ዘመኑም እንደምታዩት ነው። ትቅር። እዚሁ ከናት ካባቷ ሥር፣ ጠበሏን እየተጠመቀች ትኑር። እኔ የምለው ይህን ነው።"

"ደግ ብሏል" አሉ ካንድ ጥግ። "እውነት ነው፣ ትቅር" አሉ ከሌላው። ጭንቅላት ሁሉ ተነቀነቀ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት፣ ጥይት እየተሰማ ያጠናችው፣ በአንድ ዋንጫ ጠላ መካከል አለቀ! የትናየት ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አልታመምኩም" አለች።

"ምን አለች?" አለ አንዱ ከወደ ውስጥ።

"አልታመምኩም አልኩ!"

ስሜነሽ "ውይ በሞትኩት!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። የትናየት ልቧ ይደልቅ ጀመር፣ ያው የለመደችው መጣ። እጇ፣ ጉልበቷ፣ ትንፋሿ።

"ይኸውላችሁ!" አለ ደባሱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። "እጇን እዩት! እኔ ምን ስል ነበር?"

የነፍስ አባቷ መምሬ አዳም አሳዘነቻቸው። "ልጄ፣ ተረጋጊ" አሏት። "ቁጭ በይና ውሃ ጠጪ። ሲረጋጋልሽ ትናገሪያለሽ፣ እኛም እንሰማሻለን።"

"አልረጋጋም አባቴ።"

"እ?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ አልረጋጋም። እስክረጋጋ ብጠብቅ ምዝገባውም ያልፋል፣ እኔም እዚሁ አረጃለሁ። ይንቀጠቀጥ! እየተንቀጠቀጥኩ እናገራለሁ።" ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋችው። "እዩት፣ ጥገቡት። ተደብቃችሁ አትዩት። ሰው ፊት ስቆም እንዲህ ይሆናል። ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ከዚያ ያልፋል። ፈተናዬን ሁሉ ያለፍኩት በዚሁ እጅ ጽፌ ነው። አንድ ቀን ሳቁብኝና ሮጬ ወጣሁ። መሮጤ ነው ጥፋቴ፤ ሁለተኛ አልሮጥም።"

"እና ከየት መጣብሽ?" አለ ደባሱ። "በዘርሽ የሌለ! ዓይን ካልሆነ ከየት መጣ?"

የትናየት ልትመልስ አፏን ከፈተችና ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈ። ደግሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞታል፣ የዱላው ጫፍ ግን አያርፍም፤ መሬቱን ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እንዲህ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለች። አይታው ግን እስከዚያች ቀን ልብ አላለችውም። ይህን በሰው ፊት ማንሳት አባትን ማዋረድ ነው ብላ ልትተወው ምንም አልቀራት። ደግሞ ዝም ብትልስ?

"ከየት እንደመጣማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ" አለች። ድምጿ ተቆራረጠ፣ እሷ ግን አላቆመችም። "አባየ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፣ ግን እናገራለሁ። ይሄ ዓይን አይደለም። ይሄ የእርስዎ ነው። እጄም የእርስዎ እጅ ነው። አገሩ እርስዎ ላይ ሲያየው ትሕትና አለው፣ እኔ ላይ ሲያየው አጋንንት አደረገው!"

ዱላው መሬቱን መምታቱን አቆመ።

"የእርሻችን ድንበር የተገፋ ጊዜ እርስዎ ሽማግሌ ፊት ቆሙ፣ ቃል ከአፍዎ አልወጣም" አለች። "ዝም ካለ ተስማምቷል ተባለ። እኛም እርሻችንን በዓይናችን እያየን ሌላ ሰው ያርሰዋል። እርስዎን አልወቅስም አባየ፣ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅልዎ የለም። ግን እኔ ዝም ብዬ ትምህርቴን አልሰጥም!"

ማን እንደገፋው ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ ቤቱ ሙሉ ወደ ደባሱ ዞረ።

"ይሄማ ስድብ ነው!" አለ ደባሱ ፊቱ ቀልቶ። "ሴት ልጅ በሰንበቴ ቤት ቆማ... መምሬ፣ ዝም ይሏታል እንዴ?"

መምሬ አዳም የሚመልሱለት አላጡም፣ ግን ዓይናቸው ሌላ ጋ ነበር። ደግሰው ዱላውን ተመርኩዞ ተነሳ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ደግሰው በዚያ ቤት ውስጥ ጠላ ለመቀበል ካልሆነ ተነስቶ አያውቅም። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። የትናየት በልቧ አይዞዎት አባየ፣ አይዞዎት ትላለች፣ ጥፍሮቿን መዳፏ ውስጥ ቀብራ።

"እህ፣ ወንድሜ ማለት የፈለገው..." ብሎ ደባሱ እንደ ልማዱ ሊቀበለው ጀመረ።

መምሬ አዳም መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። "ተወው። ራሱ ይናገር" አሉ።

ቤቱ ጠበቀ። ከውጭ የፍየል ድምፅ ይሰማል። ደግሰው ከንፈሩ ተርገበገበ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"ልጄ..." አለ። "ልጄ ትሄዳለች።"

ስሜነሽ ከሴቶቹ መካከል እልል አለች፤ አልታወቃትም፣ አምልጧት ነው። ደግሰው ይቀመጣል ብለው ሲጠብቁ አልተቀመጠም። ቀስ ብሎ ወደ ደባሱ ዞረና ዓይኑን ዓይኑ ውስጥ ተከለ።

"አንተም አያ ደባሱ፣ እሷን... እሷን ሸኝቼ ስመለስ፣ ያቺን እርሻ እዚሁ ሰው ፊት እናነሳታለን። ሌላ ሰው አይናገርልኝም። እኔው ነኝ የምናገረው።"

ድምፁ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተረጋጋ ያለው አልነበረም።